ማነጣጠሪያው ሳይሆን ቀስቱ ይቃና



እኛ በወላይታ ሶዶ የምንኖር ባልና ሚስት ነን። ዛሬ የምናካፍላችሁ ስለ ሌላ ሰው ሳይሆን ስለ ራሳችን ነው። ለመጻፍ አልቀለለንም፤ ሁለት ጊዜ ጀምረን ሁለት ጊዜ ትተነዋል። በመጨረሻ ታናሽ ወንድማችን ራሱ "ጻፉት፣ ሌላው ይማርበት" ስላለን፣ እናታችንም ስለፈቀዱልን ጻፍነው።

ወንድማችን የሚኖረው በአሜሪካ፣ በኮሎራዶ ግዛት ነው። ከሄደ 11 ዓመት ሆኖታል። በየሳምንቱ ቅዳሜ በቪዲዮ ይደውልልናል። በክረምት እኛ ዘንድ ከምሽቱ 12 ሰዓት ሲሆን እሱ ዘንድ ገና ከጠዋቱ 3 ሰዓት ነው። መብራት ካልጠፋ፣ ኔትወርኩም ካልተቆራረጠ፣ ቅዳሜ ማታ ቡናችንን አፍልተን ስልኩን ከስኳር ዕቃው ጋር አስደግፈን እንጠብቀዋለን። እናታችን ከገጠር መጥተው ከሆነም መሃል ላይ ይቀመጣሉ።

በሐምሌና በነሐሴ ግን ቤቱ ውስጥ አናገኘውም። ስልኩን በአጥር እንጨት ላይ አቁሞ፣ ሜዳ ላይ ቀስት ይዞ ነው የምናየው። በዚያ አገር በቀስት ማደን በሕግ የተፈቀደው ለተወሰነ ጊዜ ነው፤ በእኛ አቆጣጠር በነሐሴ መጨረሻ ተከፍቶ እስከ መስከረም 20 አካባቢ ይቆያል። ፈቃድ ይወጣል፣ ይከፈላል። የሚያድኑት ኤልክ የሚባል፣ ከእኛ አገር በሬ የማያንስ ትልቅ አጋዘን ነው። እናታችን መጀመሪያ ያዩት ጊዜ "ልጄ፣ በዚያ አገር ሥጋ ቤት የለም እንዴ?" ብለው አሳቁን። እሱም ከሥራ ባልደረባው እንደተማረው፣ አንድ እንስሳ ካገኘ ክረምቱን ሙሉ ቤተሰቡን እንደሚመግብ ነገራቸው።

ቀስቱ ልጆች ከቀርከሃ የሚሠሩት ዓይነት አይደለም። በሁለቱ ጫፎቹ መዘውር አለው። ሲስቡት መጀመሪያ ይከብዳል፤ ስበው ሲጨርሱ ግን መዘውሮቹ ሸክሙን ስለሚቀንሱት፣ ሰውየው ይዞ ረጋ ብሎ ማነጣጠር ይችላል። ኮምፓውንድ ቀስት ይሉታል። ማነጣጠሪያው ላይ ለየርቀቱ የተመደቡ ትንንሽ ነጥቦች አሉ፤ አንዱ ለ20 ያርድ፣ አንዱ ለ30፣ እያለ እስከ 60 ይደርሳል። 20 ያርድ 18 ሜትር፣ 60 ያርድ ደግሞ 55 ሜትር ያህል ነው።

እኛ ያደግነው በቀስት ሳይሆን በወንጭፍ ነው። በቆሎው እሸት ሲይዝ ማማ ላይ ወጥተን ዝንጀሮና ወፍ እንጠብቅ ነበር። ወንድማችን ከሁላችንም ይበልጥ ነበር። የእሱ ምስጢር ክንዱ ሳይሆን ድንጋዩ ነው። ጠዋት ወንዝ ወርዶ ክብ ክቡን እየለቀመ ኪሱን ሞልቶ ይመጣል። እኛ ሰንፈን ከእርሻው ላይ ጠፍጣፋውን አንሥተን ስንወረውር፣ ድንጋዩ መጀመሪያ ቀጥ ብሎ ይሄድና መንገድ ላይ ነፋስ ይዞት ወደ ጎን ይታጠፋል። ለቅርብ ዝንጀሮ ምንም አይልም። ከእርሻው ማዶ ላለው ግን አይሠራም።

ባለፈው ነሐሴ አንድ ቅዳሜ ሲደውል ፊቱ ጨፍገግ ብሎ አገኘነው። "ጋሼ፣ እትዬ፣ ዛሬ ቀስቱ አስቸገረኝ" አለን። ከዚያ ሁለት ፍላጻዎች ወደ ስልኩ አስጠግቶ አሳየን። የአንዱ ጫፍ እንደ እርሳስ ድቡልቡል ነው፤ ለልምምድ የሚሆን ነው። የሌላው ጫፍ ሦስት ስለት አለው፤ ብሮድሄድ ይባላል፤ ለአደን የሚሆነው እሱ ነው። የሁለቱም ጫፎች ክብደት እኩል ነው፤ 6 ግራም ተኩል ያህል። ክረምቱን በሙሉ በድቡልቡሉ ሲለማመድ ከርሞ በ60 ያርድ እንኳ አይስትም ነበር። የአደኑ ጊዜ ሲቃረብ ስለታሙን አስገባ። በ20 ያርድ ሁለቱ ጎን ለጎን ተተከሉ። 60 ላይ ሲደርስ ግን ድቡልቡሉ መሃል ሲመታ፣ ስለታሙ አንድ ስንዝር ወደ ግራ ሄደ። ደገመው፣ ያው ነው። ሠለሰው፣ ያው ነው።

"ለምን?" አልነው።

"የዚያን ጠፍጣፋ ድንጋይ ታስታውሳላችሁ?" አለን። ፍላጻው ከቀስቱ ሲወጣ በትንሹም ቢሆን ተጣሞ ከወጣ፣ ድቡልቡሉ ጫፍ ነፋስ የሚይዘው ነገር ስለሌለው በኋላ ያሉት ላባዎች ቶሎ ያቃኑታል። ስለታሙ ግን ከፊት ለፊቱ ክንፍ እንደ ተተከለለት ነው። ያ ትንሽ ጥመት ስለቱ ላይ ነፋስ ያሳርፍበታል፤ ነፋሱም እየገፋ ይወስደዋል። በቅርብ ጥፍር የማታህል ስህተት በሩቅ ስንዝር ትሆናለች። "ጥመቱ ክረምቱን ሙሉ ቀስቱ ውስጥ ነበር" አለን፤ "ልምምዱ ሸፈነልኝ እንጂ። ስለቱ ነው ያወጣው።"

ከሁለታችን አንዳችን እንደ ዋዛ "ታዲያ ማነጣጠሪያውን ትንሽ ወደ ግራ አታዞረውም? ያልቃል እኮ" አልነው።

ሳቀ። "የመጀመሪያ ዓመት እንደዚያ ነበር ያደረግኩት" አለን። ማነጣጠሪያውን ብታዞረው ለዚያ ርቀት፣ ለዚያ ቀን ይመታልሃል። ርቀቱ ሲለወጥ፣ ነፋስ ሲነሣ፣ እንደገና ይስታል። ያኔ ደግሞ እንደገና ታዞራለህ። በመጨረሻ የትኛው ስህተት የቀስቱ፣ የትኛው ያንተ እንደሆነ ራስህም አታውቀውም። መደረግ ያለበት ሌላ ነው። በመጀመሪያ እያንዳንዱን ፍላጻ አሽከርክሮ ጫፉ የሚንቀጠቀጠውን ማውጣት። ቀጥሎ እጅ ቀስቱን አጥብቆ ይዞ እንዳያጣምመው ማላላት። ከዚያ ፍላጻው የሚተኛበትን ማረፊያ በመፍቻ ከአንድ ሚሊሜትር ባነሰ መጠን ማንቀሳቀስ፤ ስለታሙ ወደ ግራ ከሄደ ማረፊያው ወደ ቀኝ ይሄዳል። እንደገና ሁለቱንም ዓይነት ወርውሮ ማየት፤ እንደገና ትንሽ ማንቀሳቀስ። ማነጣጠሪያው የሚነካው በመጨረሻ፣ ሁለቱም አንድ ቦታ መምታት ሲጀምሩ ብቻ ነው።

"ይህን ሁሉ ልፋት ለምን?" ስንለው የመለሰልን ዛሬም በጆሯችን አለ። "ጋሼ፣ ኢላማው ስፖንጅ ነው፤ ብስተው አይጮህም። እንስሳው ግን ነፍስ አለው። አንድ ስንዝር ከሳትኩ አይሞትም፣ ቆስሎ ነው የሚሄደው። ጫካ ገብቶ ሲሰቃይ እኔ አላየውም። የማላየው ነገር እንዳይሰቃይ ነው እዚህ የምለፋው።"

መብራት ጠፋ፤ ስልኩም ተቋረጠ። በጨለማ ተቀመጥን። ሁለታችንም ዝም አልን። አንዳችን የሌላችንን ዝምታ እናውቀው ነበር።

አሁን ምክንያቱን እንንገራችሁ።

እናታችን የሚኖሩት ከሶዶ ወደ አረካ በሚወስደው መንገድ ገባ ብሎ ባለ መንደር ውስጥ ነው። ከሁለት ዓመት በፊት የቤታቸው ቆርቆሮ አርጅቶ ማፍሰስ ጀመረ። ወንድማችን ሙሉ ጣሪያው እንዲቀየር በሦስት ጊዜ 60,000 ብር ላከልን። በዚያው ሰሞን የልጃችን የኮሌጅ ክፍያ ደረሰ፤ ደመወዝ ደግሞ አልበቃ አለ። "እንተካዋለን" ተባባልን። ከተላከው ላይ 22,000 ብር አንሥተን ከፈልን። በቀረው ገንዘብ ከመንገድ የሚታየውን የፊት ለፊቱን ጣሪያ ብቻ አስቀየርን። የጓሮው ቆርቆሮ ዝገቱንና ቀዳዳውን ይዞ ቀረ።

ከዚያ ፎቶ አነሣን። ከፊት ለፊት።

ወንድማችን ፎቶውን አይቶ "ጌታ ይባርካችሁ፣ አሁን ተኝቼ አድራለሁ" ብሎ ጻፈልን። እኛም "አሜን" ብለን መለስን።

ወገኖች፣ በዚያን ጊዜ ውሸት የተናገርን አልመሰለንም። ጣሪያው ተቀይሯል ወይ? ተቀይሯል። ፎቶው እውነተኛ ነው ወይ? ነው። ጥመቷ ያን ያህል ትንሽ ነበረች። እሁድ እሁድ ጸሎት ቤት እንሄዳለን፤ አንዳችን በመዘምራን ውስጥ፣ አንዳችን በሰንበት ትምህርት ቤት እናገለግላለን። በ20 ያርድ የሚያየን ሰው ሁሉ "እነዚህ ሰዎች አይስቱም" ይለናል።

በዓመቱ ወንድማችን "የዝናቡን ውኃ ለእማዬ የሚያጠራቅም አሸንዳና ሮቶ ላስገባላት፤ ውኃ ልትቀዳ ቁልቁለት አትውረድ" አለን። የጓሮው ቆርቆሮ አሸንዳ መሸከም አይችልም። ይህን ብንለው ጣሪያው እንዳልተቀየረ ይታወቃል። ስለዚህ "የጓሮው መሬት ተዳፋት ስለሆነ ሮቶ አይቀመጥበትም፣ ባለሙያ አይቶታል" አልነው። ያየ ባለሙያ አልነበረም። ማነጣጠሪያውን አዞርን ማለት ነው። ከዚያ በኋላ እናታችን ክረምት ክረምት ሲያስላቸው ወንድማችን "ቤቱ እኮ አሁን ደረቅ ነው፤ ታዲያ ምን ነካት?" ብሎ ጠየቀን። "ዕድሜ ነው" አልነው። እንደገና አዞርን።

ያንን ነሐሴ ደግሞ "በሚመጣው ዓመት ለጊፋታ ልጆቼን ይዤ እመጣለሁ፤ የምናድረውም እማዬ ጋ ነው" ብሎን ነበር። እኛም በልባችን ምን እንደምንለው ማሰብ ጀምረን ነበር። ሦስተኛው ማዞር መሆኑ ነው።

ቅዱስ ቃሉ ስለ ጠማማ ቀስት ይናገራል። በመዝሙር 78፥57 የእስራኤል ልጆች ወደ ኋላ ማለታቸው እንደ ጠማማ ቀስት መገልበጥ ተቆጥሯል። በሆሴዕ 7፥16 ደግሞ ነቢዩ ወደ እግዚአብሔር ስላልተመለሱት ያንኑ ምሳሌ ይደግመዋል። ልብ በሉ፤ ጠማማ ቀስት የተሰበረ ቀስት አይደለም። ይሳባል፣ ይወረውራል፣ ከሩቅ ሲያዩት እንደ ሌላው ነው። ችግሩ የሚለየው ፍላጻው የት እንደሚያርፍ ሲታይ ነው። በመሳፍንት 20፥16 ላይ ስለ 700 የብንያም ግራኝ ወንጫፊዎች እናነባለን፤ ፀጉር እንኳ የማይስቱ ነበሩ። በዚያ ክፍል "መሳት" የተባለው የዕብራይስጥ ቃል በሌላ ቦታ "ኃጢአት መሥራት" ተብሎ የሚተረጎመው ያው ግሥ ነው። ኃጢአት መሳት ነው። እኛም ስተን ነበር፤ የቆሰለችውም ነፍስ የማናያት ጫካ ውስጥ አልነበረችም፣ አረካ መንገድ ላይ በሚያፈስ ቤት ውስጥ ነበረች።

ያን ሌሊት በጨለማው ሌላም ነገር አሰብን። እኛ የወላይታ አማኞች በርቀት ስለመፈተን ልንማርበት የሚገባ የራሳችን ታሪክ አለን። ሚስዮናውያን ወደ ሶዶ የመጡት እ.ኤ.አ. በ1928 ነው። በ1937 በጣሊያን ወረራ ምክንያት ሲወጡ የተጠመቁት አማኞች 50 እንኳ አይሞሉም ነበር። አስተማሪ የለም፣ የሚያይ የለም፣ ሪፖርት የሚቀበል የለም። ይልቁንም እስራትና ግርፋት መጣ፤ እንደ ዋንዳሮ ያሉ አባቶች ታሰሩ፣ ተገረፉ። ከጦርነቱ በኋላ ሚስዮናውያኑ ሲመለሱ ያገኙት ግን 10,000 ያህል አማኝ ነው። ያ ሕዝብ ስለቱ ሲገባና ርቀቱ ሲጨምር ቀጥ ብሎ የበረረ ሕዝብ ነው። ፎቶ የሚልኩለት ሰው አልነበራቸውም፤ በሚያያቸው በእግዚአብሔር ፊት ብቻ ኖሩ። እኛ የእነሱ ልጆች ነን የምንል፣ በደኅና ዘመን፣ ለአንድ ወንድማችን የአንድ ጣሪያ እውነት መናገር አቅቶን ነበር።

መንፈስ ቅዱስ ወቀሰን። ሚስትየዋ ቀድማ "እኛ እኮ ሁልጊዜ የምናዞረው ማነጣጠሪያውን ነው" አለች። ባልየው መልስ አልነበረውም። ተንበርክከን ጸለይን። ግን እንመስክር፤ ጸልየን እንኳ ልባችን መውጫ ይፈልግ ነበር። "ገንዘቡን በድብቅ ተክተን ጣሪያውን እናስቀይረውና ዝም እንበል፤ ማን ያውቃል?" አልን። ይህም ያው ማዞር ነው። ጣሪያው ይቃናል፣ እኛ ግን ጠማማ እንደሆንን እንቀራለን።

በዘኍልቍ 5፥6-7 የተጻፈውን አነበብን። ሰውን የበደለ ሰው በመጀመሪያ ኃጢአቱን ይናዘዛል፤ ከዚያ የወሰደውን ይመልሳል፤ በላዩም አምስተኛ እጅ ይጨምራል። ቅደም ተከተሉን አየነው። መናዘዙ ይቀድማል። 22,000 ብር፣ አምስተኛው 4,400፣ በድምሩ 26,400 ብር። ገንዘቡ ከየት ይምጣ? ወላይታ ለጊፋታ ዓመቱን ሙሉ እንደሚያጠራቅም ታውቃላችሁ፤ ሴቶች ለቅቤው፣ ወንዶች ለበሬው። እኛም ለበሬ ድርሻና ለልጆች ልብስ ያስቀመጥነው ነበረን። እሱ ላይ ትንሽ ስንጨምርበት ሞላ።

በሚቀጥለው ቅዳሜ ደወለ። ቀስቱ ገና አልተስተካከለለትም ነበር። ስለ ማረፊያው ሊነግረን ሲጀምር ባልየው አቋረጠውና ሁሉንም ነገረው። የ22,000ውን፣ የፎቶውን፣ የአሸንዳውን፣ የሳሉን። ምክንያት ላለመደርደር ተስማምተን ስለነበር የኮሌጁን ነገር እንኳ የተናገርነው ሲጠይቀን ብቻ ነው።

ወንድማችን ለረጅም ጊዜ ዝም አለ። ከኋላው ነፋሱ ሣሩን ሲያንቀሳቅስ ይታየን ነበር። ከዚያ አንድ ነገር ብቻ ጠየቀ፤ "እማዬ ታውቃለች?"

"አልነገርናትም" አልን።

"ንገሯት" አለና ስልኩን ዘጋው።

በማግሥቱ ከጸሎት ቤት ወጥተን ቀጥታ ወደ እናታችን ሄድን። ዝናብ ይዘንብ ነበር። ተናዘዝንላቸው። እናታችን ሲሰሙን ቆይተው "ጣሪያው ሲያፈስ ባልዲ የማስቀምጠው እኔ አይደለሁ?" አሉ። ሁለት ዓመት ሙሉ ያውቁ ነበር። ልጃቸው በስልክ "ቤቱ እንዴት ነው?" ሲላቸው "ደኅና ነው" የሚሉት ወንድማማቾቹ እንዳይጣሉ ብለው ነው። ለካ እኛ እሳቸውንም ውሸታም አድርገናቸው ኖሯል። ይህን ስንሰማ የደረሰብንን እፍረት መግለጽ አንችልም። እሳቸው ግን ሁለታችንንም ወደ ራሳቸው ስበው "እናንተ እስክትነግሩኝ ነበር የምጠብቀው፤ ስለ እናንተም ለጌታ እነግረው ነበር" አሉን።

ሁለት ቅዳሜ አለፈ፤ ስልክ አልደወለም። ቡናው ፈላ፣ ስልኩም ከስኳር ዕቃው ጋር ተደግፎ ቆየ። በእኛ ባህል ከጊፋታ በፊት የተጣላ ይታረቃል፤ ቂም ይዞ ወደ አዲሱ ዓመት መሻገር ነውር ነው። ግን "ጊፋታ ደርሷልና ይቅር በለን" ብለን ልናስቸኩለው አልወደድንም። የቆሰለ ሰው ጊዜ ያስፈልገዋል። የእኛ ድርሻ ማረፊያውን ማቃናት ነበር። አናጢ ቀጥረን የጓሮውን ቆርቆሮ አስነሣን። የበሰበሰ ማገር ተገኘ፤ እሱም ተቀየረ። አሸንዳውም ተሰቀለ።

በጊፋታ ዋዜማ ቅዳሜ ማታ ስልኩ ጮኸ። ወንድማችን ነው። ሰላምታ ከሰጠን በኋላ "ጣሪያውን አሳዩኝ" አለ። ለመላክ ያዘጋጀነው ፎቶ ነበረን። "እሱን ሳይሆን ነገ በቪዲዮ፣ ከጓሮ በኩል" አለን። አላመነንም። ያሳምማል፤ ግን ትክክል ነበር።

በማግሥቱ ጠዋት እናታችን ዘንድ ሄደን ስልኩን ይዘን ቤቱን ዞርነው። እሱ ዘንድ ሌሊት ነው፤ ነቅቶ ጠበቀን። ከፊት ለፊት አልፈን ወደ ጓሮ ሄድን። አዲሱን ቆርቆሮ፣ አሸንዳውን፣ ውስጥ ገብተን ጣሪያው ሥር ያለውን ደረቅ ግድግዳ አሳየነው። እናታችን ባልዲያቸውን አንሥተው "ይኸው፣ ከዛሬ ጀምሮ ለከብት ውኃ ነው" አሉት። ያኔ ሳቀ። ከሳቀ በኋላ አለቀሰ። እኛም አለቀስን። የበሬ ድርሻ አልነበረንም፤ ጎረቤት ግን ከራሱ ቆርሶ ላከልን፤ በዳጣና በቆጮ በላን። እንደዚያ የጣፈጠን ጊፋታ የለም።

ከዚያ ስለ አደኑ ጠየቅነው። ቀስቱ በሦስተኛው ሳምንት ተስተካክሎለታል፤ ሁለቱም ዓይነት ፍላጻ በ60 ያርድ አንድ ቦታ ይመታል። ወጥቶም ትልቅ ኤልክ አግኝቶ ነበር። በመለኪያው ሲያየው ግን 70 ያርድ ላይ ቆሟል። "አልወረወርኩም" አለን። "ያረጋገጥኩት እስከ 60 ነው። ሄደ።" ባዶ እጁን ተመልሷል፤ ግን አላዘነም።

አንድ ነገር ሳንነግራችሁ አንጨርስ። ወንድማችን ይቅር ብሎናል፤ ገንዘብ ግን ዛሬ በእኛ በኩል አይልክም። ለእናታችን የሚልከውን በእህታችን በኩል ይልካል። አልተቀየምነውም። ይቅርታ በአንድ ቀን ይሰጣል፤ እምነት ግን እንደ ቀስቱ ነው፤ በመጀመሪያ በ20 ያርድ፣ ቀጥሎ በ30፣ እየተፈተነ ነው የሚያድገው። እኛ አሁን 20 ላይ ነን። በዚህች ትንሽ ርቀት ታማኞች ሆነን መገኘት እንፈልጋለን። ጌታችን በሉቃስ 16፥10 በጥቂቱ የታመነ በብዙም የታመነ እንደሆነ አስተምሮናልና።

ወገኖች፣ ምናልባት እናንተም ከፊት ለፊት የተነሣ ፎቶ ይኖራችኋል። የዕድር ሒሳብ፣ የጸሎት ቤት ደረሰኝ፣ ለባል ወይም ለሚስት ያልተነገረ ብድር፣ ውጭ ላለ ዘመድ የተላከ ግማሽ እውነት ሊሆን ይችላል። በቅርብ ለሚያያችሁ ሰው ምንም አይታይም። ማነጣጠሪያውን ማዞርም ትችላላችሁ፤ እኛ ሁለት ዓመት ችለናል። ግን ስለቱ የሚገባበት ቀን፣ ርቀቱም የሚረዝምበት ቀን ይመጣል። ከዚያ ቀን በፊት በመዝሙር 139 መጨረሻ ዳዊት እንደለመነው እግዚአብሔር ልባችሁን እንዲመረምር ለምኑት። እሱ ሲመረምር ለማሳፈር አይደለም። እያንዳንዱን ፍላጻ በእጁ አሽከርክሮ የሚንቀጠቀጠውን ያያል፤ መፍቻውም በእጁ ነው፤ ከሚሊሜትር ባነሰ እየነካ ያቃናል።

አባት ሆይ፣ ሰው በሚያየን በኩል ብቻ ያሳመርነውን ቤታችንን ከጓሮ በኩል ግባበት። የሸፈንነውን ግለጥ፤ የጠመመውን በልጅህ በኢየሱስ ደም አንጻ፣ አቃናም። ሳናያቸው ያቆሰልናቸውን ሰዎች አሳየን፤ ለመናዘዝ ድፍረት፣ ለመመለስም አቅም ስጠን። በኢየሱስ ክርስቶስ ስም፣ አሜን።